ከንፈር ቀድሞ ድምፅ ሲዘገይ

ቴሌቪዥን ስታዩ የተናጋሪው አፍ ከተከደነ በኋላ ድምፁ የመጣበት ጊዜ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ከንፈሩ ሥራውን ጨርሶ አርፏል፤ ቃሉ ግን ገና መድረሱ ነው። ብዙ ሰው ይህ ሲገጥመው ፈገግ ይልና ያልፈዋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። እንዲህ ያለች ትንሽ መዘግየት ሰውን ከሚናፍቀው ድምፅ ልትለየው እንደምትችል ያወቅሁት ጋምቤላ፣ በአከራዬ ሳሎን ውስጥ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተንበርክኬ ሽቦ ስነቅልና ስሰካ ነው።

ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ አስተማሪ ነኝና ሌላ መንገድ አላውቅም።

የፊዚክስ መምህር ሆኜ ጋምቤላ ስመደብ ክልሉ ክልል ከሆነ ብዙ አልቆየም ነበር። የቢሮዎቹ ሰሌዳ ላይ ያለው ቀለም ገና አልደበዘዘም። የመሥሪያ ቤቶቹን አዲስ ስም ሰው አልለመደውም፤ የት እንደሚሠራ ሲጠየቅ ቆም ብሎ አስቦ ነው የሚመልሰው። መምህር በጣም ይፈለግ ስለነበር በደስታ ተቀበሉኝ፤ ማስተማሩንም ወደድኩት። ያስቸገረኝ ከትምህርት ቤት መልስ ያለው ጊዜ ነው። ያደግኩት ደጋ ነው፣ ሰው በሚበዛበት ቤት። ከዚያ በፊት ብቻዬን ማዕድ ቀርቤ አላውቅም። ጋምቤላ ግን አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ አልጋ ከነአጎበሩ፣ ጠረጴዛና ወንበር። የሚቀጥለውን ቀን ትምህርት አዘጋጅቼ ስጨርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እንደገና አዘጋጀዋለሁ። አንዳንድ ቀን ትምህርቱን ጮክ ብዬ ለአጎበሩ አስረዳና "ጥያቄ ያለው?" እላለሁ። አጎበሩ ጥያቄ ኖሮት አያውቅም።

ክፍሏ የተጠጋችው ከአከራዬ ሳሎን ነው። አከራዬ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ኢታንግ ጤና ጣቢያ ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ የኖሩ፣ የአካባቢው ተወላጅ፣ አኙዋ። አማርኛን የለመዱት በሥራ ነው፤ አጠር አጠር አድርገው፣ ግን በልካቸው ይናገሩታል። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እሷም አዲስ አበባ ነርስነት ትማር ነበር። እኔ "ጋሼ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "ቲቸር" ይሉኛል።

ጋሼ አይሰሙም ማለት ይቻላል። ልጃቸው ትንሽ ሳለች ክፉ ወባ ያዛቸውና ብዙ ኪኒን ተሰጣቸው። ከአልጋ ሲነሱ ጆሯቸው ሄዷል። ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ፣ እሳቸውም ሆኑ ሐኪሞቹ ለይተው አላወቁትም። የቀራቸው መስማት ጥቂት ነው፤ ጆሯቸው ሥር በኃይል ከተነገረ የቃሉን ግማሽ ይይዛሉ፣ የቀረውን ግማሽ ከተናጋሪው ከንፈር ይለቅሙታል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን። ጆሮ ብቻውን አይበቃቸውም፣ ዓይንም ብቻውን አይበቃቸውም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲደርሱ ነው ቃል የሚሆነው።

ከእኔ ጋር ያግባባን ይኸው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ሰው አፌን ከፍቼ ስለምናገር ንግግሬ ይነበብላቸዋል።

"ደጋ ሰው አፉን ይደብቃል" አሉኝ አንድ ቀን። "አንተ አትደብቅም። ጥርስህን ሁሉ አውቃለሁ። ያ የተበላው፣ እዚያ ጥግ ያለው፣ ሐኪም አሳየው።"

ቴሌቪዥን ነበራቸው፣ ከነዲሹ። ዘመዶቻቸው እንዲሰሙ ብለው ትልቅ ስፒከር አመጡላቸው፤ ሳይበቃ ሲቀር ከዚያ የሚበልጥ፣ በመጨረሻም አንድ አምፕሊፋየር ከነሙሉ ዕቃው። በጋምቤላ መስማት ለሚያዳግተው ሰው የሚደረገው ይኸው ነው፤ ጆሮው ሲቀንስ ስፒከሩ ይጨምራል። አምፕሊፋየሩ ድምፁን አዳራሽ ውስጥ ያለ የሚያስመስል መዞሪያ ነበረው። ጋሼ እሱን እስከ መጨረሻው አዙረው ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። "ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራን ሲዘምሩ እንዲህ ነው" ይሉኛል። "በእግሬ ይገባል።" መዝሙሩንም ዜናውንም ከሲሚንቶው ላይ በእግራቸው ያዳምጡት ነበር።

የሰፈሩ ሰው ደግሞ በጆሮው። ከአጥሩ ወዲያ ሻይ የምትሸጥ ጎረቤት አለች፤ እንደኔ ከደጋ የመጣች፣ ምላሷ የማያርፍ። ደንበኞቿ አግዳሚ ላይ ተደርድረው የጋሼን ዜና በነፃ ይሰማሉ። "ሻዬን ቢጠሉት ዜናዬን ብለው ይመጣሉ" ትላለች፣ የራሷ ይመስል።

እኔም በግድግዳው በኩል እሰማ ነበርና ቆይቶ ወንበሬን ይዤ መግባት ጀመርኩ። ዜና አንባቢው ፊቱ ሲታይ ጋሼ ራሳቸው ይከታተላሉ። ፊቱ ተነሥቶ ስብሰባ ወይም መንገድ ሲታይ ግን የሚነበብ ከንፈር የለም። ያኔ ወደ እኔ ይዞራሉ፤ እኔም የተባለውን አፌን ከፍቼ እነግራቸዋለሁ። እኔ ስናገር ዜናው ሌላ ቦታ ደርሷል፤ እሱን ደግሞ ተከትዬ እሮጣለሁ። በቀኑ ውስጥ ሰው ፊት ለፊት የሚያየኝ ጊዜ ያ ነበር። ተማሪዎቼ እንኳ የሚያዩት ሰሌዳውን ነው።

ሌላም ሥራ ነበረችኝ። ልጃቸው በቀጠሮ ስትደውል ቴሌ አብሬያቸው እሄዳለሁ። መነጋገሪያውን እኔ ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ፣ ጋሼ አፌን ያያሉ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ ከኋላዋ እደግማለሁ።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ "መምህር፣ ቴሌቪዥን ላይ ልቀርብ ነው። ከየክልሉ መጥተን የተመረቅነውን አነጋገሩን። ከመጪው እሁድ በኋላ ባለው እሁድ ከሰዓት ይተላለፋል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ጋምቤላ ለሚመጣ ሰው ሽቦ አልባ ማዳመጫ ሰጥቻለሁ፤ ጆሮ ላይ ይደረጋል። አባቴ ከታመመ ወዲህ ከጩኸቴ በቀር ድምፄን ሰምቶ አያውቅም። እባክዎን ያስተካክሉለት።"

ለጋሼ ደገምኩላቸው።

"ትንሽ ልጅ ሳለች ያለውን ድምፅ አውቃለሁ" አሉ። "አሁን እንዴት ነው? ንገረኝ።"

ለአጎበር እንኳ የማስረዳ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን የማስረዳው ጠፋኝ። "ጥሩ ነው ጋሼ። ወፈር ያለ ነው።"

"ወፈር ያለ?" ዓይናቸውን ከአፌ አልነቀሉም። "እንደ እናቷ ነው?"

እናቷን ሰምቻቸው አላውቅም። ትከሻዬን ሰበቅሁ። መነጋገሪያው ውስጥ እሷ "ሄሎ? ሄሎ? ምን አለ?" ትላለች።

ዕቃውን ከአውሮፕላን ማረፊያው ተቀበልን። ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፤ አንዱ ጆሮ ላይ የሚደረገው ማዳመጫ፣ ሌላው ድምፁን በራዲዮ ሞገድ የሚልክለት ትንሽ ሳጥን። ዲሹን የተከለው ሰው መጥቶ ሳጥኑን አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ባገኘው ባዶ ቀዳዳ ሰካውና ሄደ። ጋሼ ማዳመጫውን አደረጉ። ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን አንሥተው "አለ! ድምፅ አለ!" አሉ። ከዚያ ዜና አንባቢውን አተኩረው አዩ። ግንባራቸው ተቋጠረ። ማዳመጫውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ሁለት ሰው ነው" አሉ። "አንዱ በዓይን ይናገራል፣ አንዱ በጆሮ። ከማን ጋር ልሁን?"

እኔ ሳደርገው ገባኝ። ድምፁ ከከንፈሩ ጥቂት ይዘገያል። ለእኔ ምንም አይደለም፤ ጆሮዬ ሙሉ ስለሆነ ከንፈሩን አልፈልገውም። ለጋሼ ግን የቃሉ አንድ ግማሽ ሲደርስ ሌላው ግማሽ የለም፤ እሱ ሲደርስ ደግሞ ከንፈሩ ወደ ሚቀጥለው ቃል አልፏል። ማዳመጫው ሳይመጣ የሚይዙትን እንኳ ያስጥላቸው ጀመር።

በማግስቱ ምክንያቱን ላስረዳቸው ባሮ ወንዝ ዳር ወሰድኳቸው። ማዶ አንዲት ሴት ልብስ ድንጋይ ላይ እየመታች ታጥባለች። "ጋሼ፣ ይዩ። ልብሱ ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ወዲያው እናያለን። ድምፁ ግን በአየር ተጉዞ ነው የሚመጣው፤ እጇን እንደገና ስታነሣ ገና ጷ ይላል። ርቀት ያዘገየዋል ማለት ነው።"

ጋሼ ማዶውን ለረጅም ጊዜ አዩ። "ለአንተ ዘግይቶ ይመጣል" አሉ። "ለእኔ አይመጣም። እኔ እዚህ ስቆም ያች ሴት ሁልጊዜ ጥጥ ነው የምትመታው።" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ይኸው ርቀት የሚለው ሐሳብ አሳሳተኝ። ሳጥኑን ከግድግዳው አንሥቼ ወንበራቸው ሥር አመጣሁት፤ ለውጥ የለም። መስኮት ላይ ሰቀልኩት፤ ለውጥ የለም። ሻይ ሻጯ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ስታየኝ ቆየች።

"መምህር፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ሳጥን ከዚህ ወደዚያ ለማዞር ነው?"

"ሙከራ ነው እትዬ።"

"እሁድ ልጅቷ ስትቀርብም ሙከራ ላይ ነህ ማለት ነው። አንተ ተሸክመኸው እየዞርክ!"

ልክ ነበረች። ከሳጥኑ ወደ ማዳመጫው የሚሄደው ድምፅ ሳይሆን የራዲዮ ሞገድ ነው፤ እሱ እንደ ብርሃን ይፈጥናል፣ የአንድ ሳሎን ስፋት ለሱ ምንም አይደለም። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ቃሉ የሚዘገየው ከሳጥኑ በኋላ ካልሆነ፣ ሳጥኑ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው።

አሁን በሥርዓት ጀመርኩ። የማዳመጫውን አንዱን ጎን አንድ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ፣ ሌላውን ጆሮዬን ክፍት ተውኩትና የቴሌቪዥኑን የራሱን ድምፅ ዝቅ አድርጌ ከፈትኩ። እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ተሰማኝ፤ መጀመሪያ ከቴሌቪዥኑ፣ ከዚያ ከማዳመጫው። መለኪያ አገኘሁ ማለት ነው፤ ቃሉ አንድ እስኪሆን መንገዱ ላይ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ማንሣት ነው። የመጀመሪያው አምፕሊፋየሩ ነው። መዞሪያውን ከአዳራሽ ወደ ተራ ልመልስ ስል ጋሼ እጄን ያዙ።

"ቤተ ክርስቲያኑን አትንካ።"

"ለማዳመጫው ብቻ ነው ጋሼ፤ መልሼ አዞረዋለሁ።"

በግድ ለቀቁኝ። መንትያው ቃል ትንሽ ተቀራረበ እንጂ አንድ አልሆነም። ከዚያ ጀርባውን ገልብጬ ሳይ፣ ሳጥኑ የተሰካበት ቀዳዳ ከአድማጭ በስተኋላ ለሚቀመጡት ስፒከሮች የተሠራ ነው። እነዚያ ስፒከሮች ደግሞ ሆን ተብሎ ዘግይተው እንዲናገሩ ነው የሚደረገው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ የኋላውን ግድግዳ መትቶ ሲመለስ ይቆያል፤ አምፕሊፋየሩ ያን ለማስመሰል ድምፁን ይዞ አቆይቶ ይለቀዋል። ዕቃው አልተበላሸም ነበር፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ጋሼን እንዲሰሙ ብለን የደረደርንላቸው ዕቃ ራሱ ነው በመንገድ ላይ የቆመው።

ሁሉንም ነቀልኩ። የሳጥኑን ሽቦ ቴሌቪዥኑ ጎን ላይ ባለችው የማዳመጫ ቀዳዳ በቀጥታ ሰካሁ። በዚያ ቅጽበት የቴሌቪዥኑ ስፒከር ዝም አለ፤ ያች ቀዳዳ ሲሰካባት የውጭውን ድምፅ ትቆርጣለች። ስለዚህ መንትያውን ቃል ማዳመጥ አልቻልኩም፤ እንደ ጋሼ ከንፈር ማየት ነበረብኝ። "ም" ወይም "ብ" ሲመጣ ከንፈር ይገጥማል፤ በዚያው ጊዜ ቃሉ ጆሮ ውስጥ መግጠም አለበት። አየሁ፣ ሰማሁ፣ ገጠመ።

ለጋሼ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ዜና አንባቢው ላይ፣ እጃቸው ማዳመጫው ላይ፣ እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞሩ።

"ታረቁ" አሉ።

ወዲያው ሻይ ሻጯ በሩን ከፍታ ገባች። "ጋሼ ምን ሆኑ? ታመሙ እንዴ? ዜናው የት ገባ? ደንበኞቼ ብርጭቋቸውን እያስቀመጡ ሄዱ እኮ!" ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ስለነበር አላዩዋትም። እኔ ጣቴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አሳየኋት። ጥቂት አየቻቸውና "ይሁና" ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ ቀስ ማለት እንደምትችል ያን ቀን አወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ምሽቶች ፀጥ አሉ። ወንበሬን ይዤ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ። ምስሉ ይሄዳል፣ ለእኔ ድምፅ የለውም። ፊት ሲጠፋና መንገድ ሲታይ ጋሼ ወደ እኔ ይዞራሉ ብዬ አፌን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አልዞሩም። ማዳመጫው ቃሉን ጆሯቸው ድረስ እያመጣ ግማሹን ያስይዛቸዋል፤ የጎደለውን እነግራቸዋለሁ ብል ማዳመጫውን ማውለቅ፣ ካወለቁ ደግሞ የሚቀጥለውን ማጣት ነው። ግማሹን መረጡ። እኔም በቦታቸው ብሆን እሱን እመርጥ ነበር። ለሁለታችንም የሚሰማበት መንገድ ነበር፤ ሳጥኑን ከዲሹ ተቀብሎ ለቴሌቪዥኑ ከሚያቀብለው ረሲቨር ማገናኘት ብቻ ነው። ልነካካው ስል ግን ከወንበራቸው ተነሡ።

"እስከ እሁድ ማንም አይንካ። ከእሁድ በኋላ ከፈለግህ ባሮ ውስጥ ጣለው።"

እውነታቸውን ነው። ተስተካክሎ የተገኘን ነገር ከአንድ ጊዜ ዕድል በፊት ማን ይነቅላል? ወንበሬን ወደ ክፍሌ መለስኩ። ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ባስጠጋም ከወዲያ ምንም አይመጣም። ለአጎበሩ የድምፅን ፍጥነት አስረዳሁት።

እሁድ ከሰዓት ጋሼ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጠሩኝ። መብራት አልጠፋም። ፕሮግራሙ ተጀመረ፤ ጥቂት ወጣቶች ተፈራርቀው ቀረቡ። ከዚያ እሷ። በስልክ ከማውቃት ይልቅ ቀጭን ናት፤ ነጭ ጋውን ለብሳለች፣ አፏን እንደ እኔ ከፍታ፣ ቃሉን እየለየች ትናገራለች። ለማን ብላ እንደዚያ እንደምትናገር ከእኔና ከአባቷ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ጋ ድምፅ የለም። ያን ድምፅ ስንት ጊዜ ለጋሼ ያቀበልኩት እኔ፣ አሁን ከንፈሯን ብቻ አያለሁ፤ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻልኩም።

ያኔ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ፣ መናገር ጀመሩ። የራሳቸውን ድምፅ ስለማይለኩ በጣም ጮክ ብለው ነው።

"እኔ ጋምቤላ ተወለድኩ፣ ትላለች።"

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። ከዚያ የጋሼ ድምፅ መጣ።

"አባቴ ድሬሰር ነው፣ ትላለች። ሰው ሲያክም አየሁ፣ ትላለች።"

ከአጥሩ ወዲያ የሻይ ቤቱ ጫጫታ ቆመ። ጋሼ ይቀጥላሉ፤ እሷ ትናገራለች፣ ቃሉ ዘግይቶ በአባቷ አፍ ይመጣል፤ እሱ ሲደርስ እሷ ሌላ ጋ ናት። መዘግየቱን ከጋሼ ጆሮ አንሥቼ የት እንዳስቀመጥኩት ያኔ አየሁት። ዘግይቶም ቢሆን ግን አንድም ነገር ሳይነግሩኝ አላለፉም። ቴሌ ውስጥ እኔ ለእሳቸው እንዳደረግሁት።

ፊቷ ሄደ፣ ሌላ ተመራቂ ቀረበ። ጋሼ ማዳመጫውን ሳያወልቁ ወደ እኔ ዞሩ። ጉንጫቸው እርጥብ ነበር።

"እንደ እናቷ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ፊታቸውን መለሱ። ስክሪኑ ላይ የማያውቁት ልጅ ይናገራል፤ እሳቸው ግን እሱን የሚሰሙ አይመስለኝም። አፌን ከፍቼ "ደስ ብሎኛል ጋሼ" አልኩ። አላዩኝም። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ክልል ውስጥ ወዳለችው ጎግ ተዛወርኩ፤ መምህር ያልነበረው አዲስ ትምህርት ቤት ነው። ሽቦውን ወደ ረሲቨሩ ሳላዞረው ነው የሄድኩት። ይህን የምጽፈው ከዚሁ ነው። እዚህ ያለሁበት ቴሌቪዥን የለም፣ ግድግዳዬ ወዲያም የሚሰማ ነገር የለም።

ስለዚህ ሙከራውን እናንተ አድርጉልኝ። ማዳመጫችሁ ከከንፈር ከዘገየ አንድ ጆሯችሁን ክፍት አድርጋችሁ ቃሉ ሁለት መሆኑን አረጋግጡ፤ በመሀል ያለውን ማጉያና ማስዋቢያ ሁሉ አንሡና ሽቦውን ከምንጩ አገናኙ፤ ከተቻለ አጠገባችሁ ላለው ሰው ድምፁ በማይቆረጥበት ቀዳዳ ይሁን። ካልተቻለም ማዳመጫውን ለእሱ ስጡትና እናንተ ያለ ድምፅ ተቀመጡ። የሰማውን ቃል በቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ይዘገያል። እባካችሁ አንድ ቀን ሞክሩት።